የአክስትየው ስልክ

ልብስ ሰፊዋ በቅናት የተንገበገበችው በሰው ባል ወይም በሰው ቤት አይደለም፤ በስልክ ነው። ያውም በገዛ ታናሽ እህቷ ስልክ።

እህትየው ፀጉር ሠሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ መልበስና መኳል ስለምትወድ ሰፈሩ ሁሉ ቄንጤ እያለ ነው የሚጠራት። የሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ በዚህ በኩል የስፌት መኪናው ሲንኳኳ፣ በዚያ በኩል ፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ ይውላል። ሰፊዋ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ተምራ ነርስ ሆነችና ሩቅ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች። ቄንጤ አልወለደችም። ልጅቷን ግን እኩል ነው ያዘለቻት፤ ይሄንን ሰፊዋ ሲነሳባት አትወድም።

አምና ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ ለሁለቱም ስልክ ይዛ መጣች። ለእናቷ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ አንድሮይድ፣ ለአክስቷ ደግሞ ራሷ ስትይዘው የነበረ አሮጌ አይፎን። ያን ዕለት ሰፊዋ ደስ ብሏት ነበር። የእሷ አዲስ፣ የእህቷ አሮጌ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ፊደሉ ትልልቅ፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፅ መቅረጫው ከቀድሞ ስልኳ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አላስቸገራትም።

የድምፅ መቅረጫው ነገር እንዲህ ነው። ሰፊዋ ትምህርት ቤት የቆየችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ቁጥር አይቸግራትም፤ ቃል መጻፍ ላይ ግን እጇ ይታሰራል። ስለዚህ የደንበኛ ልክ ስትወስድ ደብተር አታወጣም። ሜትሩን በሰውየው ላይ ጠምጥማ ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋና ትናገራለች። «የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ደረቱ መቶ አራት፣ ሆዱ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ትንፋሹን ውጦ ነው ያስለካኝ፣ ሦስት ጨምሪ» ትላለች። ጨርቅ ስትቆርጥ መልሳ ታዳምጠዋለች። የሰፈሩ ሰው ወገብና ዳሌ በሷ ድምፅ እዚያ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። የልጇም ልክ አለ፤ ከበስተኋላ «እማዬ፣ ትኮረኩሪኛለሽ» እያለች ስትስቅ የሚሰማበት።

መዘዙ የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፊዋ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ልትዋስ ወደ ፀጉር ቤቱ ጎራ አለች። ቄንጤ የአንዲት ሴት ፀጉር ትጠቀልላለች።

«ልጄ ስልክ አታነሳም፤ ከጠዋት ጀምሮ እደውላለሁ» አለች ሰፊዋ።

«አይዞሽ እትዬ፣ አሁን ገና ከሥራ መውጣቷ ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ቄንጤ መስተዋቱ ሥር ያቆመችውን ስልክ በትንሿ ጣቷ ነካ አደረገችው። ካርታ ወጣ። ካርታው ላይ አንዲት ክብ ፎቶ አለች፤ የልጅቷ ፊት። ክቧ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«ይኸው፣ አውቶቡስ ውስጥ ናት። አሁን ድልድዩ ጋ ደረሰች። አየሻት? ተሻገረች።»

ሰፊዋ ትክ ብላ አየች። ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት ልጅ ድልድይ ስትሻገር የሚያያት ሌላ ሰው ነው።

«የኔ ስልክ ላይ ለምን የለም?»

«ያንቺ አንድሮይድ ነዋ። ይሄ የአይፎንና የአይፎን ጉዳይ ነው» አለች ቄንጤ፣ ክፉ ሳታስብ። ፀጉሯ የሚጠቀለለው ሴት ግን በመስተዋቱ ውስጥ ሰፊዋን አይታ ፈገግ አለች። አንጀቷን ያሳረራት እሱ ነው። ማከፋፈያውንም ሳትወስድ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ግድግዳው ወሬ አይከለክልም። የቄንጤ ስልክ ሲጮህና እሷ «እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ፣ እስኪ ፊትሽን አሳዪኝ» ስትል ሰፊዋ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ ታነሳለች። ሁለቱ ሲስቁ ክር ይበጠስባታል። ልጅቷ ለእናቷም ትደውላለች፤ ግን ሰፊዋ የራሷን መቁጠር ትታለች። የምትቆጥረው የግድግዳውን ማዶ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ልቧ ቆረጠ፤ ስልክ ሠሪው ዘንድ ሄደች። ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቀና አለ።

«ምን ልታዘዝ፣ ማዘር?»

«አንተን አልወለድኩም። የአንድሮይድና የአይፎንን ልዩነት ንገረኝ። እንዳታሳጥርብኝ።»

«እሺ እናት። አንድሮይድን ብዙ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ርካሹም ውዱም አለ፣ ከፈለግሽበት አፕ አምጥተሽ ትጭኝበታለሽ፣ መልኩን እንዳሻሽ ትቀይሪዋለሽ። አይፎን ግን ባለቤቱ አንድ ነው። እሱ ያልፈቀደው አይገባም። በምትኩ ብዙም አያስቸግርሽም።»

«እንደ ልብስ አድርገህ አስረዳኝ።»

ስልክ ሠሪው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አንድሮይድ ጨርቅ ገዝተሽ የምታሰፊው ነው በይው። ኪስ ጨምሪ፣ ጎኑን አጥብቢ ማለት ይቻላል። አይፎን ተሰፍቶ ያለቀ ነው። ያምራል። ኪስ ጨምሩልኝ ብትይ ግን የሚሰማሽ የለም።»

ሰፊ ናትና ነገሩ ገባት። እድሜ ልኳን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ የሚገዛ ሰው ስትታዘብ የኖረች ሴት ናት። እዚያው ተነስታ ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ይሄ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን ድልድዩን የምትሻገረው ክብ ፎቶ ዓይኗ ላይ መጣችባት።

«ልጄ የት እንዳለች የሚያሳየኝ የቱ ነው?»

«ሁለቱም ያሳያሉ። በዚሁ በያዝሽውም ይቻላል፣ መንገዱ ነው የሚለየው። ዋናው ነገር ልጅሽ...»

«አይፎኑ ያሳያል?»

«ያሳያል፤ ከፈቀደችልሽ።»

ከ«ያሳያል» በኋላ ያለውን ጆሮዋ አልተቀበለውም። መደርደሪያው ላይ ጠርዙ ትንሽ የተሰነጠቀ አይፎን ነበር። «በዚያኛው ለውጠኝ» አለች።

«ያንቺ አዲስ ነው እኮ፣ ትጎጂያለሽ።»

«ጉዳቴን ለኔ ተወው።»

«ይሁን። ከውስጡ ምን ምን ላሻግርልሽ? አንዴ ካጠፋሁት አይመለስም።»

«የሰው ቁጥርና የልጄን ፎቶ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

እውነቷን ነው የመሰላት። የደንበኞቿ ልክ ስልክ ውስጥ ያለ ዕቃ መሆኑ አልታያትም። ከአፏ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ የሚመለስ የራሷ ነገር ነው። ሰው የገዛ ምላሱን ስልክ ውስጥ ረሳሁት ብሎ አያስብም።

አይፎኑን ይዛ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባች። «ክቧን አምጪልኝ» አለች።

ቄንጤ ስልኩን ገለባብጣ አየችው፤ መጠየቅ የፈለገችውን ሳትጠይቅ ሁሉንም አስተካከለችላት፣ ለልጅቷም ጥያቄውን ላከች። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ደወለች።

«እማዬ፣ አይፎን ያዝሽ እንዴ?»

«ይዣለሁ። ክብሽን ላኪልኝ።»

«እሱን ብንተወውስ፣ እማዬ?»

«ለአክስትሽ ልከሻል።»

«አክስቴ አይታ ዝም ትላለች። አንቺ ካየሽ ትደውያለሽ። እዚያ ሰፈር ምን ትሠሪያለሽ፣ አውቶቡሱ ለምን ቆመ፣ ማን ጋ ገባሽ ትያለሽ። እወድሻለሁ፣ ግን እሱን አልችለውም።»

ሰፊዋ ስልኩ የራሷ መሆኑን ረስታ ለእህቷ አቀበለቻትና ወጣች። ቄንጤ ከኋላ ሮጣ አደረሰችላት።

ረቡዕ ጠዋት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሱሪ ተራ ደረሰ። ሰፊዋ ልኩን ልታዳምጥ ስልኩን ከፈተች። ፈለገች። ደግማ ፈለገች። የቀረጸቻቸው ድምፆች የሉም። እየሮጠች ስልክ ሠሪው ጋ ስትደርስ ሰውየው እጁን ዘረጋ፤ «ብትነግሪኝ ኖሮ ሁሉንም አወጣልሽ ነበር። ትናንት ማታውኑ አጽድቼ ለሰው ሰጠሁት፣ እናት።»

ልትሰድበው ፈልጋ ነበር። የሚሰደበው እሱ አለመሆኑን ስላወቀች ምላሷን ዋጠች።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንደገና ይለካል፤ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋው፣ የልጇ ቀሚስ የሚሆነው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው ጭንቁ። ልጅቷ የነርሶች ኃላፊ ልትሆን ነው፤ ቅዳሜ በሥራ ቦታዋ ሹመቱ ይሰጣታል። ቀሚሱ ነገ ሐሙስ በአውቶቡስ ካልተላከ አይደርስም። ደውላ ልኳን እንዳትጠይቃት የትናንቱ ነገር ገና ጉሮሮዋ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰፊዋ በአንድ ቀን አትውጠውም።

ግድግዳውን አየችው። ልጅቷ የእናቷን ሰፋ ያለ አጥንት ትታ የአክስቷን ቁመና ነው የወረሰችው። የአንዷ ቀሚስ ለሌላዋ ልክ ነው። ይህም ራሱ ሰፊዋን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲከነክናት የኖረ ነገር ነው። በጡጫዋ ግድግዳውን ሁለቴ መታችው።

ቄንጤ መጣች፤ እንድትቆም ተነገራት፤ ቆመች። ሰፊዋ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጎንና ጎኑን በስፒል ያዘች፣ ሜትሩንም ወገቧ ላይ ጠመጠመች።

«እትዬ፣ ላላ አድርጊው። ቅናትሽ ወገቤ ድረስ እየተሰማኝ ነው።»

«ዝም በይ። ዝም ማለት ታውቂበታለሽ ተብሏል።»

ቄንጤ ሳቋ መጣ፤ ስፒሉ ወጋትና ተወችው። እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የልጅቷ ፊት ወጣ።

«እኔ ብንቀሳቀስ ሁሉም ይበላሻል» አለች ቄንጤ። «አንቺ አንሺው።»

ሰፊዋ አነሳችው።

«አክስ... እማዬ?» አለች ልጅቷ። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ቢጫ ነው። የልጅቷ ክፍል ነጭ ነው፤ ሰፊዋ በፎቶ አይታዋለች። የት ነው ያለሽው የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጣ። ነከሰችው።

«ወገብሽ ስንት ነው?» አለች።

«ምን?»

«ልክሽ ጠፋ። የሁሉም ሰው ልክ ከለወጥኩት ስልክ ጋር ሄደ።»

«የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሆድም?»

«እሱም። ቢሰማ ደስ ይለዋል።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ያው የጠፋው ሳቅ ነው። ከቦርሳዋ የሕፃናትን ራስ የምትለካበትን ሜትር አወጣች። አጭር ስለሆነ ካለቀበት ደግማ እየቀጠለች መለካት ነበረባት። ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፋ ራቅ ብላ ቆመች።

«ከእምብርትሽ ከፍ አድርጊው። አሁን ዝቅ አለብሽ። ትንፋሽሽን አትዋጪ፣ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ትመስያለሽ።»

«ሰባ ሁለት።»

በአዲሱ ስልክ እንዴት እንደሚቀረጽ ሰፊዋ ገና አላወቀችም። ጠመኔዋን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፤ ሰባ ሁለት። ቀጥሎ ደረት፤ ዘጠና አንድ። ቀጥሎ ዳሌ፤ ልጅቷ ወደ ጎን ስትዞር ከኋላዋ በሩ ታየ። በሩ ላይ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል። የወንድ ኮት።

ሰፊዋ ዓይኗን የኮቱ ትከሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ዘጠና ስምንት ነው አልኩሽ።»

«ልክ እየያዝኩ ነው» አለች ሰፊዋ። አልዋሸችም። ሠላሳ ዓመት የሰፋች ሴት ዓይን ሜትር አይፈልግም። ዘጠና ስምንት ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ጥግ ላይ፣ አርባ ሰባት።

ሌላ ብዙ አወሩ። ስለ ሹመቱ፣ ስለ አንገቱ አቆራረጥ፣ ስለ እጅጌው። ቄንጤ ስፒሉ እንደተሰካባት ቆማ ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች፤ ደንበኛዋ በር ላይ ሁለቴ ተጣራች። ሰፊዋ ማንንም አልሰማችም። ስልኩን ለባለቤቱ የመለሰችው ቻርጁ ሁለት በመቶ ሲቀረው ነው።

«በኔ ስልክ እኮ ነው ያወራሽው» አለች ቄንጤ፣ ጨርቁን ከላይዋ እያወረደች።

«በማን ልጅ?»

ቄንጤ ጠረጴዛውን ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ አርባ ሰባት የምኑ ነው? አንገት አይሆን፣ ክንድ አይሆን።»

«የኔ ነው።»

ቄንጤ ቢጫውን ቤት ታውቀዋለች? ክቧ እዚያ ስንቴ እንደገባች፣ ስንት ሰዓት እንደቆየች በካርታ አይታ ይሆናል። ሰፊዋ ልትጠይቃት ነበር፤ ተወችው። መንገዱን ትወቀው። የኮቱን ባለቤት የትከሻ ልክ ግን አታውቅም።

ቀሚሱ ሐሙስ ተላከ። ሰፊዋ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ሰባ ሁለቱን፣ ዘጠና አንዱን፣ ዘጠና ስምንቱንም አጠፋች። ጥግ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ዞር አድርጋ አርባ ሰባቱን አለፈችው።