የተቆለፈው ማረፊያ ክፍል

ትኬት ቆራጯ በከተማው ዳር ባለው ባቡር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አባቷም ጡረታ የወጡት እዚያው ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ነው። ጣቢያው ሰባ ዓመት ሲሞላው ዋናው መሥሪያ ቤት ታሪኩንና አገልግሎቱን የሚገልጽ ትንሽ መጽሔት ሊያሳትም አሰበና፣ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም ተብሎ ጽሑፉ ለእሷ ተሰጠ።

ሦስት ሳምንት ደከመችበት። ጣቢያው ሲጀመር የቆርቆሮ ዳስ እንደነበረ፣ ማረፊያ ክፍሉን የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በገዛ እጁ እንደሠራው ከአባቷ እየጠየቀች ጻፈች። አገልግሎቱ ላይ ስትደርስም አልዋሸችም። ክፍሉ ከተቆለፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ የቤት ዕቃውን አጭቆበታል። መጸዳጃ ቤቱም መግቢያው በዚያው በኩል ስለሆነ አብሮ ተዘግቷል።

መጽሔቱ ታትሞ የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር፤ ባቡሩም ዘግይቷል። መስኮቷ ጋ ቆማ አነበበችው። ድንጋይ ተሸካሚዎቹ የሉም፤ በእነሱ ቦታ የኃላፊው ፎቶግራፍ ገብቷል። «ሰፊና ምቹ ማረፊያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት» ይላል። ከሥሩ ጸሐፊ ተብሎ የእሷ ስም ሰፍሯል። ቀና ስትል፣ ለሕክምና የሚመላለሱ አንዲት እናት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ደሟ ፈላ።

ኃላፊው ቢሮ ገብታ ማን እንደለወጠው ጠየቀችው። በበዓል ቀን ገመና አደባባይ አይወጣም አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ደግሞስ እህቴ፣ ወረቀት ማንን ገደለ?»

«እኔን» አለችው። «ውሸታም አድርጎ ገደለኝ።»

ተመልሳ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። የመጽሔቱን ቃል እንዳለ አነበበችና፣ «ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ማረፊያ ክፍሉ ከኋላችሁ ነው፤ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው» አለች።

መጀመሪያ የተነሡት እኚያ እናት ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ኃላፊው በር ሄዱ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ኃላፊው ቁልፉ እቤት ቀርቷል፣ ዕቃውም የአደራ ነው እያለ ቢቀባጥር የሚሰማው አላገኘም። አንዱ ሻንጣ ተሸካሚ በክፍሉ መስኮት አሻግሮ አየና፣ «ታዲያ ቁም ሳጥኑ ስድስት ዓመት የሚጠብቀው የትኛውን ባቡር ነው?» ሲል ሳቁ ፈነዳ። ቁልፉም ከኪስ ወጣ። ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የተጠቀለለው ምንጣፍ አንድ በአንድ ዝናብ ላይ ተደረደሩ። እናትየዋ አቧራው እስኪጠረግ እንኳ አልጠበቁም፤ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ለትኬት ቆራጯ ደብዳቤ ደረሳት። ያልተፈቀደ ማስታወቂያ በማስተላለፏ ሁለት ባቡር ቀይራ ወደምትደርስበት ጣቢያ ተዛውራለች። ኃላፊው ግን ማረፊያ ክፍሉን ለአገልግሎት ክፍት በማድረጉ ተመሰገነ። አባቷ ይህን ሲሰሙ ምግብ አልበላም ብለው ዋሉ።

ክፍሉ ዛሬም ክፍት ነው። የሚያውቋት ሰዎች ይቆጭሽ እንደሆነ ሲሏት፣ መናገሯ እንደማይቆጫት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አፏን ይዛ ትኬት መቁረጧ ግን እንቅልፍ እንደሚነሳት ትነግራቸዋለች።