በወንድም ጋሼ ስም

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነበር።

«አባቴ ጣውላ ሳያንኳኳ አይቆርጥም ነበር። አንኳኩቶ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ ‹ግባ› እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ ይቆማል።»

የሴት ድምፅ ነው፤ ፊደል እየዳበሰ የሚያዘግም። ኮፒው ፊቱን በሳሙና እንደለቀለቀ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ቧንቧው ላይ አጎንብሶ ደረቀ። ቃሉ የራሱ ነው። ከገዛ ጭንቅላቱ ወጥቶ በግድግዳው ዞሮ የመጣ ይመስላል።

ኮፒው የሚሉት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሚሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሲያባዛ ይውልና፣ ከሥራ መልስ ማንም ያላዘዘውን ነገር ብሎጉ ላይ ይጽፋል። አንባቢዎቹ ተሰብስበው ቢመጡ አንድ ሶፋ ይበቃቸዋል።

ታጥቦ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ሳሎን ሲገባ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ለእናቱ ታነባለች። የእናቱ ዓይን ከደከመ ወዲህ ንባብ የሚደርሳት በሰው አፍ ነው። የእናቱ የሹራብ እጅጌ በእንባ ርሷል።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከሰፈሩ ብሎግ ነዋ! የወንድምህን ጉድ አልሰማህም?» አለችና ስልኩን አዞረችለት። ከርዕሱ ሥር የታላቅ ወንድሙ ስም ጉብ ብሏል።

«እማዬ፣ ይሄንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ተው እንጂ የኔ ጌታ፣ በወንድም አይቀናም። ደግሞስ አንተ የጻፍከውን አንድ ቀን አንብበህልኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ይህን ጽሑፍ ሊያነብላት ስንቴ አጠገቧ ተቀምጦ ስንቴ እንደተነሳ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አሁን ደረሳት፤ የደረሳት ግን የሌላ ልጇ ሆኖ ነው።

የሰፈሩን ብሎግ የሚያዘጋጀው ፋርማሲስቱ ነው። መድኃኒት በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ፣ ደንበኛ ፋታ ሲሰጠው። ኮፒው በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ።

«ዶክተር፣ ያቺ ስለ አናጢው አባቴ የተጻፈችው የኔ ናት።»

«የላከልኝ ወንድምህ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ያመጣው ሰው ስሙ ይጻፍለታል።»

«ታዲያ ፖስተኛ ደብዳቤ ስላመጣ ጸሐፊው እሱ ነው?»

«ስማ፣ በዚህ ሰፈር የሚጽፍ ስንት ሰው አለ ብለህ ነው? ያመጣውን ካላመሰገንን ማን ያመጣልናል?»

ኮፒው የራሱን ብሎግ ከፍቶ ስልኩን ሰጠው። ፋርማሲስቱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ሳቀ።

«ቀኑን አላየኸውም? ያንተ ያለፈው ማክሰኞ ነው። የኛ ከወጣ ሁለት ሳምንት አለፈው።»

ኮፒው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ያለፈው ማክሰኞ ብሎጉን ወደ አዲስ አድራሻ አዛውሮ ነበር። አንድ በአንድ በእጁ ሲያዛውራቸው፣ ጽሑፎቹ ሁሉ የተዛወሩበትን ቀን የልደት ቀናቸው አድርገው ያዙ። አሮጌውን ደግሞ፣ የተከራየውን ቤት ጠርጎ እንደሚያስረክብ ጨዋ ተከራይ፣ ምንም ሳያስቀር አጥፍቶታል።

«እኔ እኮ... ቤት ቀይሬ ነው!»

«ቤት የቀየረ ሰው ዕድሜው ይቀንሳል እንዴ?»

የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የቆመች ሴት ሳሏን ረስታ ከት አለች። «ውይ ኮፒው! የለመደ እጅ!»

ጆሮው ጋለ። ቤት ሲደርስ አሥር መልስ እንደሚመጣለት ያውቃል። ፋርማሲስቱ ግን ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድምህ ‹የሱ ነው› ይበለኝ፤ እዚሁ አስተካክለዋለሁ» አለው። «አንድ ቃል ብቻ።»

መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲረግም ሄደ። ወንድም ጋሼ «እስቲ ላንብበው» ሲለው ደስታው ወሰን አጥቶ ሊንኩን የላከለት ራሱ ነው። በገዛ እጁ!

ለምሳ ወንድሙ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲገባ በሩ ይጠበዋል። እናቱ ገና ሳይቀመጥ እጁን ያዘችው።

«በራስህ አፍ አንብብልኝ፣ የኔ አለኝታ።»

«ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ለፋርማሲስቱ አንድ ቃል...»

«ቆይ አንተ ልጅ! ያንብብልኝ!»

ወንድሙ ቀና ብሎ አላየውም። ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ኮፒው እንኳ የራሱን ጽሑፍ እንደ አዲስ ሰማው። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ፦ «ሆስፒታል አልጋው ላይ በመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዞ፣ ‹ለእናትህ ያልነገርኳት ነገር አለ› አለኝ።» ጽሑፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አለች እናቱ። «ምን አለህ?»

የዚያን ቀን አስታማሚው ተረኛ ወንድሙ ነበር። አልመጣም። የተካው ኮፒው ነው፤ እናታቸው እንዳታዝን ብሎም የወንድሙን መቅረት ሳይነግራት ቀረ። አባታቸው የነገረውም ቀላል ነገር ነበር፦ የማድቤቱን መደርደሪያ ዝቅ አድርጎ የሠራው፣ እሷ ዕድሜ ልኳን እንደምትቀልድበት ልኬቱን ስቶ ሳይሆን፣ ለቁመቷ አስቦ እንደሆነ። ኮፒው ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። እሱ ከተናገረ ግን የወንድሙ መቅረት አብሮ ይወጣል። ጥርሱን ነክሶ ወንድሙን አየው። «አንድ ቃል፣ ወንድም ጋሼ» አለ በልቡ።

«ንገረኝ እንጂ» አለች እናቱ፣ የደከመ ዓይኗን ወደ ታላቁ ልጇ አንስታ።

ወንድሙ እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳ፣ ምሳውን ሳይነካ፣ ሁለቱንም ሳያይ፣ ወጥቶ ሄደ።