በደብዳቤ የማይጻፍ ሁለት ሺሕ ዶላር

የዌንደል ሲልቬራ ቤት ሦስት ጌቶች ነበሩት፤ ዌንደል ግን ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። የመጀመሪያው ጌታ ለቤቱ መግዣ ሦስት መቶ ሺሕ ዶላር ያበደረው ትልቅ ባንክ ነው። ሁለተኛው፣ «ቤትህ ዋጋው ጨምሯል፤ ለምን ትቸገራለህ?» ብሎ በዚያው ቤት መያዣነት አርባ አንድ ሺሕ የጨመረለት ሌላ ባንክ ነው። ሦስተኛው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሲሆን፣ በግቢው ሣር መድረቅ ምክንያት አንድ ሺሕ ዘጠኝ መቶ ዶላር ቅጣት ቆልሎበታል።

በስቶክተን ከተማ የቤት ዋጋ ከወደቀ አራተኛ ዓመቱ ነበርና የተገኘው ገዢ የሰጠው መቶ ሰባ ሺሕ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ባንክ ይህን ተቀብሎ ቀሪውን ሊሰርዝ ተስማምቷል። ሆኖም ሁለቱ ታናናሽ ባለ መያዣዎች፣ ሁለተኛው ባንክና ማኅበሩ፣ እጃቸውን ካላነሡ ሽያጩ አይጸናም፤ እስከ ዓርብ ካልጸና ደግሞ ቤቱ ሰኞ ጧት በሐራጅ ይሸጣል። በሐራጁ ሁለተኛው ባንክ ከቤቱ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ኃይሉ ሁሉ የመነጨው ከዚሁ ነው፤ የሚያጣው የሌለው ወገን የሁሉን ጉዳይ ማበላሸት ይቻለዋል።

የማስማማቱ ሥራ የወደቀው በቤት ሽያጭ ወኪሏ በግሌንዳ ኦስትራንደር ላይ ነው። የማኅበሩ ጉዳይ በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ሊቀ መንበሩ የሚመኙት ገንዘብ ሳይሆን ሣር የሚያጠጣ ጎረቤት ስለነበረ፣ ገዢው በግልጽ የከፈለውን ስምንት መቶ ዶላር ተቀብለው ቅጣቱን ማሩ። የሁለተኛው ባንክ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ደስቲን ክሩፕ የሚባለው ሰው፣ እንዲህ በቀላሉ የሚለመን አልነበረም።

«ሦስት ሺሕ ዶላር፣ ሚስተር ክሩፕ» አለችው ሐሙስ ጧት በስልክ። «የመጀመሪያው ባንክ ለእናንተ የፈቀደው ይህን ብቻ ነው፤ ከማንም ኪስ ቢመጣ ከዚህ አያልፍም።»

«በሦስት ሺሕ እጃችንን ከቤቱ ላይ እናነሣለን፣ እመቤቴ። ከሰውየው ላይ ግን አናነሣም። ዕዳው ከነወለዱ የትም ቢገባ ይከተለዋል። ለመሆኑ ይህ ስልክ እንደሚቀረጽ ተነግሮዎታል?»

«ተነግሮኛል።»

«እንግዲያውስ ከሞባይሌ ልደውልልዎት።»

ደወለም። አንቱታው ከሚቀረጸው ስልክ ጋር ቀርቶ ነበር።

«ስሚኝ፣ አምስት ሺሕ አምጪና ሰውየውን ነጻ ላውጣልሽ። ሦስቱ በሽያጩ ሰነድ ላይ ይጻፍ። ሁለቱ ለብቻው ይላክ፣ ማን ያያል?»

«ሁላችንም ከሰነዱ ውጭ ክፍያ የለም ብለን ቃለ መሐላ እንፈርማለን እኮ!»

«ታዲያ ፈርሚያ! እጅሽ ታሟል እንዴ?»

ግሌንዳ ሐሳቡ አላስደነገጣትም። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ አድርጋዋለች፤ በሁለቱም ጊዜ ባለ ዕዳው ሲፈርም ላለማየት ቦርሳዋን ስትበረብር ቆይታለች። ሕሊናዋ እንዲህ በአነስተኛ ወጪ የሚተዳደር ሕሊና ነበር።

ከቀትር በኋላ ሲልቬራዎች ቤት ስትደርስ፣ የዌንደል ሚስት ኖሪን በወጥ ቤቱ ሳህኖችን በጋዜጣ እየጠቀለለች በካርቶን ትከት ነበር። ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነው፤ ጥቁር ቅባት ከጥፍሩ ሥር ወጥቶ አያውቅም። ግሌንዳ ነገሩን እንደ መልካም ዜና አቀረበችው።

«ሁለት ሺሑ አለን» አለች ኖሪን ፈጥና። «ጀልባዋን ሸጠናል። ዛሬውኑ ውሰጂው።»

ዌንደል መነጽሩን አድርጎ የቃለ መሐላውን ቅጽ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«‹ከዚህ ሰነድ ውጭ ለማንም ምንም ክፍያ አልተሰጠም፤ አይሰጥምም› ይላል።»

«ቅጽ እኮ ነው፣ ሚስተር ሲልቬራ» አለች ግሌንዳ። «ማንም አያነበውም።»

«ቤቱን ስንገዛም የብድሩ ደላላ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የወር ገቢዬን አሥራ አንድ ሺሕ ብሎ ሞላው። ሦስት ሺሕ ስምንት መቶ ነው ስለው፣ ‹ቅጽ እኮ ነው፣ ማን ያነበዋል?› አለኝ። ፈረምኩ። እሷ ፊርማ ናት ዛሬ ሳህን የምታስጠቀልለን።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለች ኖሪን ሳህኑን አስቀምጣ። «አገር ሙሉ ባንክ ሲዋሽ ከርሞ እውነት ካንተ ቤት ይጀምር? ያውም ቤት ሳይኖርህ!»

«ባንኮቹ በራሳቸው ስም ይፈርሙ። ይሄ የኔ ስም ነው።»

«እንግዲያውስ ስምህን ይዘህ አርባ አንድ ሺሑን ክፈላ! ጡረታችን ሊሄድ ነው፣ ይገባሃል?»

«ይገባኛል፣ ኖሪን።»

የገባው መሆኑ ከፊቱ ያስታውቅ ስለነበር ሚስቱ የባሰ ተናደደች። ግሌንዳ ግን ከዚያ ወጥታ፣ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን ነገር ሞከረች፤ በግልጽ ጠየቀች። ሁለት ሺሑን ከራሷ ኮሚሽን ቀንሳ በሰነዱ ላይ ለማስጻፍ ለመጀመሪያው ባንክ አመለከተች። ባንኩ፣ በቅርብ ዓመት ራሱ በመንግሥት ገንዘብ ከሞት የተረፈው ባንክ፣ «ታናናሽ ባለ መያዣዎች ያልሠሩበትን ገንዘብ እንዲወስዱ ደንባችን አይፈቅድም» ሲል መለሰላት። ከዚያም ለደስቲን ደወለች።

«ያልከኝን ሁሉ በደብዳቤ ጻፍልኝ። ሦስቱንም፣ ሁለቱንም፣ እንዴት እንደሚላክም።»

ደስቲን ከልቡ ሳቀ። «እንጀራዬን ልትዘጊ ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?»

«የማይጻፍ ከሆነ የሚጻፈውን ላክልኝ።»

የሚጻፈው ዓርብ ቀትር ላይ ደረሰ። በሦስት ሺሕ ዶላር ባንኩ ቤቱን ይለቃል፤ ዕዳውን ከዌንደል የመጠየቅ መብቱ ግን እንደተጠበቀ ነው። እውነት ለዌንደል ያስገኘችለት ትርፍ ይኸው ነበር።

ሽያጩ በሚፈጸምበት ቢሮ ኖሪን ከንፈሯን ነክሳ ቃለ መሐላውን ፈረመች። ዌንደል ቀስ ብሎ፣ ስሙን ሳያሳጥር ፈረመ። ግሌንዳም ፈረመች፤ ቦርሳዋ በዚያን ቀን መኪና ውስጥ ነበር። ሁሉም ሲነሣ ዌንደል ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰም።

«የዚያን ልጅ ስልክ ስጪኝ እስቲ።»

«የደስቲንን? ምን ያደርግልዎታል?»

«አዲሱን አድራሻዬን ልነግረው ነው። ሲፈልገኝ እንዳይንከራተት።»

«አብደዋል እንዴ? ሰው ከእነሱ ይሸሻል እንጂ!»

ዌንደል ግን እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ቁጥሩን ሰጠችው፤ ደወለ፤ ስሙን ተናገረ፤ የሚከራዩትን አፓርታማ አድራሻ አንድ በአንድ አስጻፈ። «ከሚቀጥለው ደመወዜ ጀምሬ በወር ስልሳ ዶላር እልካለሁ» አለ።



«ጠበቃ አለዎት?» አለ ደስቲን።

«የለኝም።»

«እየቀረጹኝ ነው?»

«እናንተ ናችሁ የምትቀርጹት፣ ልጄ።»

«ይስሙ፣ ሚስተር ሲልቬራ፣ እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት አሠራር የለም። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው እኛ ፈልገን ያገኘነውን ሰው ነው። ራሱ የመጣ ሰው የሚመዘገብበት ቦታ የለውም። አንድ ሦስት ወር ይታገሡ፤ ፈልገን እናገኝዎታለን።»

«ደግ ነው፣ እጠብቃለሁ» አለ ዌንደል፤ ስልኩንም ዘጋ።

ኖሪን ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም፤ አሁንም አላየችውም።

«የአፓርታማው ቁጥር አሥራ አራት ነው» አለች። «አሥራ ሁለት ብለህ ነው ያስጻፍከው። መልሰህ ደውል።»