ዜሮ የተባለው አየር

አባቷ ከባትሪ ላይ ሽቦ ከመንቀሉ በፊት አርባ ጊዜ ያራግብ ነበር። ቻርጀሩን ያጠፋል፣ የፊቱንም የጓሮውንም በር ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ የካርቶን ክዳን አንስቶ በባትሪዎቹ አናት ላይ እያራገበ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አርባ ሳይሞላ ደንበኛ ቢመጣ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ዝናብ ቢገባ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ቁጥሩ ከጠፋው ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። ይህን ያስተማረው በወጣትነቱ የቀጠረው ሰው ነበር። ለምን ሠላሳ ወይም ሃምሳ እንዳልሆነ ሰውየውም አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀ።

ልጁ ጠየቀች። መጠየቅ በሽታዋ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ያቋረጠችው ከአሥረኛ ክፍል፣ እናቷ በሞተች ዓመት ነው። ከሁለቱ ልጆች አንዱ አባታቸው ባትሪ የሚሞላበት ሱቅ ላይ መቆም ነበረበት፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ማንም አልመከረባትም፣ ማንም አላስገደዳትም። አንድ ቀን ጠዋት ወንድሟ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ፣ እሷ የአባቷን የጎማ ጓንት አጠለቀች፣ ነገሩ በዚህ አለቀ። ለሌሎቹ አለቀ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ የአሲድ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በተሰነጠቀ ስልክ ቪዲዮ እያየች ትማራለች። ሁለት አስተማሪዎች አሏት። አንዱ ፊቱን አሳይቶ አያውቅም፤ ሁለት እጅና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ማይክሮኮንትሮለር የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚታዘዝ፣ የቱ ሽቦ የት እንደሚገባ፣ ኮዱ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል። ጥፍሩ ሁልጊዜ ንጹህ ስለሆነ ትንቀዋለች። ሁለተኛዋ ፊዚካል ኬሚስትሪ የምታስተምር አሮጊት ናት፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ በጠመኔ ትጽፋለች፣ ስትሳሳት በእጅጌዋ ታጠፋዋለች። እሷን ትወዳታለች። ሁለቱም የሚያወሩት በሰው አገር ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ከአሥር ቃል ሦስቱን ብትይዝ ነው፤ እየመለሰች፣ እንደገና እየመለሰች፣ በሦስተኛው ዓመት እነሱ የጀመሩትን እሷ ቀድማ የምትጨርስ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ቪዲዮዎቹን በእጥፍ ፍጥነት ታያቸው ጀመር። እየተንቀረፈፈ የሚያወራ ሰው ያበሳጫታል።

አሮጊቷ ስለ ኤሌክትሮሊሲስ ያስተማረች ቀን ልጅቷ ከጀሪካኑ ላይ ብድግ አለች። ሰሌዳው ላይ የተሳለው የአባቷ ሱቅ ነበር። ባትሪ ከሞላ በኋላ ኤሌክትሪኩ ካልተቋረጠ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈርሳል፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል። ሃይድሮጅን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሽቅብ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ከመቶ እጅ አየር አራቱን እጅ ከያዘ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አባቷ ስሙን ሳያውቅ ስንት ዓመት ሙሉ ያራገበው ይህንን ነው።

ደብተሯን አውጥታ አሰላችው። አሥራ ሁለት ባትሪ፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ፣ የክፍሉ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ። ከጓሮ ሌባ ከገባባቸው ወዲህ በሮቹ ተዘግተው ስለሚያድሩ፣ ጠዋት ላይ ጣሪያው ሥር ያለው አየር አራት ከመቶ አፋፍ ላይ መድረስ አለበት። ቁጥሩን ሁለቴ ከሥሩ አሰመረችበት።

ወንድሟ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ እሁድ ይመጣል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። የሱቁን ወንበር በመሀረብ ሳይጠርግ አይቀመጥም።

«አሁንም ቪዲዮ ላይ ነሽ?» አላት።

«አንተስ አሁንም ማኅተም ላይ ነህ?»

«ሲጨርሱ ሰርተፍኬት ይሰጣሉ?»

«አይሰጡም። ስለዚህ የምር ማወቅ አለብኝ።»

አባትየው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ወንድሟ ግን አልሳቀም። «አባዬ፣ ከስልክ የተማረ ሐኪም ያክምህ ቢሉህ ትተኛለታለህ?»

«እኔ ከስልክም አልተማርኩ» አለ አባቷ። «ሰው ግን ባትሪውን ያመጣልኛል።»

ጋዙን የሚጠቁመውን ሳጥን የሠራሁት ለአባቴ ብዬ ነው ብትል ግማሹ ውሸት ነው። ግማሹ ለወንድሟ ነው።

የምሳ ዕቃ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ማይክሮኮንትሮለር፣ ከታች በኩል ሃይድሮጅን የሚያሸት ሴንሰር፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት፣ ጎኑ ላይ የምትጮህ ትንሽ ክብ ነገር። ጋዙ ሽቅብ እንደሚሄድ ስለምታውቅ የምትሰቅለው ጣሪያ ሥር ነው። ሌላ ሰው ቢሠራው ወገብ ላይ ይሰቅለው ነበር ብላ በሆዷ ሳቀች።

አዲስ ሴንሰር ምንም አያውቅም። መጀመሪያ ንጹህ አየር ይቀምሳል፣ ያ ዜሮው ይሆናል፤ የቀረውን ሁሉ ከዚያ ተነስቶ ነው የሚለካው። ባለ ሁለት እጁ ሰውዬ ይህን ተናግሯል። እሷም ሰምታዋለች፣ በእጥፍ ፍጥነት። አንድ ማለዳ ሱቁ ሳይከፈት በጓሮ ገባች። የመኪና ጭስ የለም፣ አቧራ የለም፣ ጎረቤቱ ጎሚስታ ጎማ ማቃጠል አልጀመረም። ነፋስ ቁጥሩን እንዳያወዛውዝባት በሩን መልሳ ዘጋችው። አሥራ ሁለቱ ባትሪዎች ሲሞሉ እንዳደሩ ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ግማሾቹ ቁልፎቹ የወለቁ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩ ሲዋዥቅ ቆይቶ ሦስት መቶ አሥር ላይ ጸና። ዜሮ ብላ መዘገበችው።

ለአባቷ ስታሳየው ሳጥኑን የሚፈላ ባትሪ አፍ ላይ ደቀነችው። ቀይ በራ፣ ጮኸ። ራቅ ስታደርገው አረንጓዴ ሆነ። አባቷ ሦስቴ አስደገማት፤ ከዚያ መሰላሉን ራሱ አምጥቶ ሰቀለው።

አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ደብተሩ ጠዋት ጠዋት አደጋ አለ ይላል፣ ሳጥኑ ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ነው። ሳምንት ሙሉ ሁለቱን አፋጠጠቻቸው። በመጨረሻ ለሳጥኑ ፈረደች፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በየምስማሩ ቀዳዳ አለ፣ ጋዙ ያመልጣል፣ ሒሳብ ስለ ቀዳዳ ምን ያውቃል። ሁለቴ ያሰመረችበትን ቁጥር ሰረዘችው።

አባቷ አሁንም ያራግባል። «ተወው አባዬ» አለችው አንድ ቀን፤ «ክንድህ ምን በደለህ? አረንጓዴ ነው እኮ።» አርባው ሃያ ሆነ፣ ሃያው አምስት ሆነ። ከዚያ ካርቶኑ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ቻርጀሩን ማጥፋትም እየቀረ ሄደ። ደንበኛ ሲመጣ አንጋጦ ያያል፣ «ልጄ የሠራችው ነው» ይላል፣ ሽቦውን ይነቅላል። ጎሚስታው በጎን ባትሪ ስለሚሞላ «ፕሮፌሰር፣ ለእኔስ?» አላት፤ ድልድዩ ማዶ ባትሪ የሚሞላ አንድ ሰውዬም በሰው ላከባት። ሁለት ሳጥን ሠራች። የሁለቱንም ዜሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በዚያው በር ተዘግቶ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣ ያዘች።

አደጋው የደረሰ ጠዋት ዝናብ ነበር፣ በሮቹም እንደተዘጉ ነበሩ። አንድ የታክሲ ሹፌር በመስኮቱ ባትሪዬን ቶሎ በለኝ እያለ ይነተርካል። እሷ ጓሮ ቆርቆሮው ሥር ለባትሪ የሚሆን የዝናብ ውሃ እየቀዳች ነበር። ከውስጥ የሰማችው ድምፅ እንደ ፍንዳታ አልነበረም፤ ትልቅ ሳንቃ መሬት ላይ የጣሉ ነው የመሰላት። ስትገባ አባቷ ቆሟል። የባትሪው ክዳን ተሰነጣጥቆ ወለሉ ላይ ተበትኗል። እሱ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ሳያስነካ ደቅኖ፣ «ውሃ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለመጠጥ እንደሚለምን ሰው።

ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። አስተኛችው፣ ሽፋሽፍቱን በጣቷ ፈልቅቃ ያዘች፣ ለባትሪ የቀዳችውን ውሃ ጀሪካን በጀሪካን ዓይኑ ላይ አፈሰሰችው። ሹፌሩ ሸሽቷል። ከደጃፉ የሮጠው ጎሚስታው መኪና እስኪያመጣ አራት ጀሪካን ጨረሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጥኑ ከላያቸው አረንጓዴ እያበራ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የግራ ዓይኑ ጠፍቷል አሏቸው። የቀኙን በአሥር ቀን ፋሻው ሲፈታ እናያለን አሉ።

ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሁድ ውጪ መጣ። ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ወንበሩን አልጠረገም። «አባዬ ስለ ሳጥኑ ነገረኝ» አላት። «ጋዝ ቢኖር ኖሮ ይጮህ ነበር አለኝ። ባትሪው ነው አሮጌው። እኔ... ያን ለታ ያልኩሽን እርሺው።»

ይህንን ቃል ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። ሲመጣ አፏ ውስጥ አመድ ሆነባት። ተነስታ ወደ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ የተቃጠለ የባትሪ እርሳስ ይሸታል። መሰላሉ ላይ ወጥታ ሳጥኑን አወረደችው፣ ጓሮ አወጣችው፣ ዝናቡ ያባራበት ግልጥ ቦታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፣ ላፕቶፑን አገናኘች። ቁጥሩ ሦስት መቶ ነበር። ሁለት መቶ ስልሳ ሆነ። ወረደ። ሁለት መቶ። ሲመሽም እየወረደ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆሞ አገኘችው፤ እስከ ከሰዓት አልተነቃነቀም።

ስልኳን አውጥታ የባለ ሁለት እጁን ቪዲዮ ፈለገች። በእጥፍ ሳይሆን በሰውየው በራሱ ፍጥነት ከፈተችው። «ሳጥኑን ደጅ አውጡት» ይላል። «ከምትለኩት ነገር አርቁት። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ።» አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

ሰምታው ነበር። ንጹህ አየር ሲላት ግን የመጣላት የጎማ ጭስ የሌለበት አየር ነው። የሱቁ አየር ለእሷ አየር ነበር፤ ዳዴ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ጋዙ በሞላበት ቤት በሩን ዘግታ፣ ዜሮ ማለት ይህ ነው ብላ ለሳጥኑ አስተማረችው። ሚዛን ላይ ቆሞ ሚዛኑን ዜሮ እንደማድረግ ነው። ደብተሩ እውነቱን ነግሯት ነበር፣ በገዛ እጇ ሰረዘችው።

ማንም አያውቅም። አንዲት መስመር ኮድ ብትለውጥ፣ ሦስት መቶ አሥርን መቶ አሥራ ስምንት ብትለው፣ ሳጥኑ ከዛሬ ጀምሮ እውነተኛ ይሆናል፤ ጥፋቱም የአሮጌ ባትሪ ሆኖ ይቀራል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ለሌሎች የሠራቻቸው ሁለቱ ሳጥኖች ግን በዚያች ሰዓት ሰው አናት ላይ አረንጓዴ እያበሩ ነው።

ጎሚስታው ጎማ እየነፋ አገኘችው። «ጋሼ፣ ሳጥኑን ልውሰደው።»

«ለምን ተብሎ? አባትሽ እንኳን ከነሕይወቱ የተረፈው በእሱ ነው ይላሉ።»

«አልተረፈበትም። የተጎዳበት ነው። ዜሮውን ጋዝ ውስጥ ነው የያዝኩት። የእርስዎም ያው ነው።»

የንፋሱን ቧንቧ ዘጋ። «አልገባኝም።»

«አረንጓዴ ሲያዩ አይመኑት ማለት ነው። አሳስቼዋለሁ። እኔ ነኝ።»

አጥብቆ አያት። «አባትሽ ያውቃል?»

«ገና።»

«ከእሱ በፊት ለእኔ?»

«እርስዎ ሁለት ዓይን አለዎት ጋሼ።»

ጎሚስታው ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው ነበር። አሁን ግን ወንበር ላይ ቆመና ሳጥኑን አወረደላት። ድልድዩ ማዶ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ሳጥኑን ነቅሎ መሬት ላይ አኖረው፤ በእጇ አልሰጣትም።

ሦስቱን በፌስታል ይዛ አባቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ ቁጥሮቹን ሳይቀር፣ አሥራ አንዱን ሰከንድ ሳይቀር። ሳታለቅስ ነው የነገረችው፤ ማልቀስ ይቅርታ እንደመለመን ሆነባት።

«ዜሮውን ስትይዢ በሩን የዘጋው ማነው?» አላት።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ነፋስ እንዳይገባ።»

ፋሻ የተጠመጠመው ፊቱ ወደ ጣሪያው እንዳለ ነው። «አርባው ለምን አርባ እንደሆነ አላውቅም ነበር» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የተውኩት።»

ቢሰድባት በወደደች።

በአሥረኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ሐኪሙ መስኮቱን እያሳየ ጠየቀው። «በዚያ በኩል ብርሃን አለ» አለ አባቷ። «ሰው ሲያልፍም እንደ ጥላ ይታየኛል።» ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱም በዚያን ጊዜ ሁሉን አውቆ ነበር፣ ግን አንዲት ቃል አልወረወረባትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁ ተከፈተ። አባቷ ቤት አልቀመጥም ብሎ በሩ ሥር፣ እሷ ትማርበት የነበረው ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ሳጥኖቹ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ናቸው፤ አልነካቻቸውም። ደንበኛ መጣ። ቻርጀሩን አጠፋች። ሁለቱንም በር ከፈተች። ካርቶኑን ከምስማሩ አወረደችና በባትሪዎቹ አናት ላይ ማራገብ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ አልቆጠረችም፤ ያን ያህል ኩራት ቀርቷት ነበር። ሲበቃት ካርቶኑን አስቀምጣ እጇን ወደ ሽቦው ሰደደች።

«ሠላሳ ስምንት ነው» አለ አባቷ ከበሩ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ።

ካርቶኑን መልሳ አነሳች። ከአንድ ጀመረች፣ ጮክ ብላ።