እስከ አሥረኛው ደቂቃ

እናቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ሠርታ አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እውነት ነው ግን። ሥራዋ በር ላይ ቆማ ቲኬት መቅደድና ዘግይቶ የመጣውን ሰው በእጅ ባትሪ እየመራች ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ፊልሙ በተጀመረ በአሥር ደቂቃው በሩ ይዘጋል፣ የእሷም ሥራ ያበቃል። ባልደረቦቿ ባዶ ወንበር ፈልገው፣ እግራቸውን ዘርግተው የቀረውን ይኮመኩማሉ። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ውልቅ ነው። ለምን ሲሏት «መግቢያውን ካየሁ ገባኝ፤ የቀረው ወሬ ነው» ትላለች።

ጡረታ ከወጣችም በኋላ ልማዱ አልተዋትም። አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ ሳሎኗ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ እንኳ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ብድግ ትላለች። ልጇ ደግሞ አድጋ ፊልም ኤዲተር ሆነች። እስካሁን አራት ፊልም ሠርታለች። በአራቱም ምርቃት እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በአራቱም ከባዶ ወንበር ጎን ቀርታለች። ሌላ ሰው ተነሥቶ ቢወጣ ጉዳይዋም አይደለም፤ የእናቷ መውጣት ግን አንጀቷን ያቃጥላታል። አምስተኛው ፊልም ልብ አንጠልጣይ ነው። መግቢያውን የምትሠራውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለዳይሬክተሩ ብላ አይደለም። እናቷን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ወንበር ላይ እንዳትነሣ ለማድረግ ነው።

ሙያውንም ያስተማረቻት ይችው እናቷ ናት። ልጅ ሳለች ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እናቷ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ዛሬ ያየሁት ጉድ ነው» ትልና ፊልሙን እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ትጀምረዋለች። የአንገት ልብሷን መብራቱ ላይ ጣል ስታደርገው ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለት እጇን እንደ መስኮት አጋጥማ ከልጅቷ ማጅራት ኋላ ቀስ ብላ ትከተላታለች። «ካሜራው ይሄ ነው። አይቸኩልም። የት እንደምትሄጂ ያውቃል።» ከዚያ በማንኪያ ብርጭቆ ትመታለች፤ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ድንገት ታቆማለች። ልጅቷ ትንፋሿ ይጠፋል። «ከዚያስ?» ስትል «ከዚያማ እኔ ምን አውቄ» ብላ ራት ታቀርባለች። ልጅቷ አልጋዋ ውስጥ ገብታ፣ የቀረውን ራሷ ፈጥራ፣ ጨርሳው ትተኛለች። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር። ዛሬ ስንት ዓይነት ማሽን ሲነካ የሚውል እጇ፣ ያንን አረንጓዴ አንድ ቀን እንኳ መልሶ አላገኘውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። መግቢያው እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት አዲስ የተከራየችው ቤት ውስጥ ትገባለች። ኮሪደሩ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ከበሮው ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ይደልቃል። እናቷ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው በጨዋነት ተመለከተች።

«ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?» አለች።

«ገና ምንም አልሆነችም፣ እማዬ። ሊሆን ነው።»

«ታዲያ ከአሁኑ ምን ያስጮኻችኋል? የሚጮኽ ውሻ አይናከስም።»

ልጅቷ እየሳቀችም እየተናደደችም «ሰው እንዲፈራ ነዋ» አለች።

«ሰው ፍራ ስላሉት ይፈራል? ስሚኝማ። እኔ ፊልም የምለካው በባትሪዬ ነበር። ጨለማ ውስጥ አብርቼ ሰው ሳስገባ፣ ፊልሙ የማይረባ ከሆነ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን ነው የሚያየው። አንዳንዱም ይሰድበኛል። ጥሩ ሲሆን ግን ዓይናቸው ሥር ባበራ የሚዞር የለም። የከረሜላ ወረቀት ድምፅ እንኳ ይጠፋል።»

«እነዚያ ጥሩዎቹ ምን ነበራቸው?»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች አሰበች። «ቤቱ ቤት ይመስላል። ፀሐይ ገብቶበት፣ ሰው ሥራውን እየሠራ። እኔም ልኑርበት ያሰኝሻል። ካሜራው አርፎ ይቀመጣል። ድምፁም የቤት ድምፅ ነው፤ ትለምጂዋለሽ፣ ትረሺዋለሽ። ከዚያ አንዷ ነገር ትጎድላለች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? መጀመሪያ ግን የሚያሳሳ ነገር ይስጡሽ እንጂ፤ ባዶ እጅሽን ምን ይዘሽ ትፈሪያለሽ?»

ልጅቷ ይህን ከሃያ ዓመት በፊት ታውቀው ነበር። አስተማሪዎቿና ማሽኖቿ ናቸው ያስረሷት። ስቱዲዮዋ ገብታ ሳምንት ሙሉ ሠራች። ኮሪደሩን ጣለችው። ሴትዮዋ ማድ ቤቷ ውስጥ ቆማ ብርጭቆዎቿን ከጋዜጣ እየፈታች፣ እየወለወለች መደርደሪያ ላይ ትደረድራለች። ብርሃኑ የጠዋት ቢጫ ነው። ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ያያታል። የሚሰማው የፍሪጅ እህታና ብርጭቆ እንጨት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። በዘጠነኛው ደቂቃ ፍሪጁ ዝም ይላል። ሴትዮዋም እጇን ታቆማለች። ያን ጊዜ፣ በሩ ከተዘጋው ከወዲያኛው ክፍል፣ አንድ ብርጭቆ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

ዳይሬክተሩ አይቶ ሲጨርስ «ከበሮዬ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። «እናቴ ቤት ቀረ» አለችው። ትንሽ አጉረመረመና ድጋሚ እንድትከፍትለት ለመናት።

የምርቃቱ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷን እንደ ልማዷ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አዳራሹ ሞልቷል። ልጅቷ ስክሪኑን ትታ እናቷን ታያለች። ብርጭቆዎቹ ይደረደራሉ፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ዝም አለ። ከወዲያኛው ክፍል ያ ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ። እናቷ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛለች። ያዝኳት፣ አለች ልጅቷ በልቧ።

ደቂቃ አላለፈም። እናቷ ቦርሳዋን አነሣችና ብድግ አለች።

ልጅቷ ልቧ ስብር አለ። ከዚህ የተሻለ መግቢያ ሠርታ አታውቅም፤ ወደፊትም የምትሠራ አልመሰላትም። እጇን ያዘቻት። «እማዬ፣ አላማረሽም?»

እናቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ቸኮለ ሰው፣ «ኧረ ልቤን ነው የሰቀለው። ግን ልሂድ፤ ልጄ ቤት ብቻዋን ናት» አለች።

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው ራሷም የሰማችው። ቆማ ቀረች። ልጅቷም ያን ጊዜ ገባት። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየቀኑ፣ እናቷ ልቧ እየተሰቀለ ነበር ለካ ያን በር የምትወጣው። ልጅቷ እንባዋ መጣባት፤ እንዲያም ሆኖ ሳቀች። ቦርሳውን ከእናቷ እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚሁ ናት እኮ፣ እማዬ። ተቀመጪ።»

እናቷ በስክሪኑ ብርሃን አንድ አፍታ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ የልጇንም እጅ አልለቀቀችም። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ተዘጋው በር ሄደች፣ እጀታውንም ያዘች።

«ተይ አንቺ ሴትዮ» አለች እናቷ፣ ሁለት ረድፍ እስኪሰማት ድረስ፣ «አትክፈቺው።»