የሰባተኛው ብረት ዝንብ

ጊታር ተጫዋቹን ሰፈሩ በሙሉ «ዝንቦ» ይለዋል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። ከኤሌክትሪክ ጊታሩ አንገት ላይ ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ሰባተኛው፣ አንድ ጫፉ ከእንጨቱ ተነቅሎ ቀና ብሏል። እናም ስድስተኛው ላይ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር ክሩ ያንን ጫፍ እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ገበና መሸፈን የት ያውቃል? አጉልቶ ለአገር ያሰማበታል።

ዘፋኟ ታላቅ እህቱ ናት፤ ባንዱም የሷ ነው። ዓመታት ታግሣዋለች። ሆቴሉ ለቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ ሊቀጥር መሆኑን የሰማች ዕለት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማኝ፣» አለችው፤ «ነገ ለሙከራ ስንጫወት የሆቴሉ ባለቤት ፊት ያ ዝንብ ከጮኸ አልምርህም። ወይ እሱ ከባንዱ ይወጣል፣ ወይ አንተ ትወጣለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የእናትሽ ልጅ ነኝ።»

«ዝንቡ የእናቴ ልጅ አይደለማ። እሱን አስወጣው።»

ዝንቦ ክፉኛ ደነገጠ። ከጊታር ሌላ የተካነበት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው፤ ለእንቅልፍ ደግሞ የሚቀጥር የለም።

ጠዋት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ተቆጣጠረ። ክሮቹን ፈትቶ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረቶቹ ላይ ቢያጋድም፣ ማስመሪያው ሰባተኛው ላይ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። «አገኘሁህ፣ አንተ ነገረኛ» አለው። ከሥሩ ማጣበቂያ ጠብ አደረገበት፤ ጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው፤ እስኪደርቅም ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ እንጨቱ እንዳይጫር በፕላስተር ሸፍኖ፣ የተረፈችውን ጉብታ በሞረድ አስተካከለ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ክሮቹን መልሶ ሲሞክረው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ቢለው ጊታሩን ሳመው።

ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። ዝንቦ የዘፈኑን መግቢያ ብቻውን ተጫውቶ፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ስድስተኛው ላይ እንደ ብርጭቆ ጥርት አድርጎ አሳረፋት።

እህቱ ማይኩን እንደጨበጠች ዝም። ከበሮ መቺውም ዱላዎቹን አየር ላይ እንደሰቀለ ዝም።

መግቢያውን ደገመው። አሁንም የገባ የለም። ሠለሰው። ባለቤቱ ሰዓታቸውን አዩ፤ ዝንቦን ላብ አጠመቀው።

«ምን ትጠብቃለህ?» ሲል ከበሮ መቺውን በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ገና ዝዝ አላለም እኮ።»

ይኼኔ ነገሩ ገባው። ለካ እነዚህ ጉዶች ያን ሁሉ ዓመት ዜማውን ከቁም ነገር ጥፈውት አያውቁም፤ የሚገቡት ዝንቡን እየሰሙ ነው! የእህቱ ዛቻ ትዝ አለው። ዝንቡ ቢጮህ እሱ ይባረራል፤ ባይጮህ ደግሞ ሁሉም ተያይዘው ሊባረሩ ነው። የመጣው ይምጣ ብሎ ዓይኑን ጨፈነና ወደ ማይኩ ተጠግቶ በአፉ «ዝዝዝዝዝ» አለ።

ከበሮው ወዲያው ወረደ፤ እህቱም ዘፈኑን አቀለጠችው።

ሲጨርሱ ባለቤቱ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ «ቅዳሜ ጀምሩ» አሉ። «ያቺ ዝዝ የምትለዋ ግን እንዳትቀር።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እህቱ «ብረቱን መልሰህ ንቀለው» አለችው።

«እትዬ፣ ያ ማጣበቂያ እስክሞት አይለቅም።»

ቆም ብላ አየችውና ጊታሩን ከትከሻው ተቀብላ ራሷ ተሸከመችለት።

«እንግዲያው ጉሮሮህን ጠብቅ፣» አለችው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነገር እንዳትጠጣ።»