የእቁባችን ቁጥር አራት

ያን ቀን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ሻይ አፍልቼ ዳቦ በማር በላሁ፤ ከማታው የተረፉኝን አራት የፈተና ወረቀቶች አረምኩ። ከዚያ ቦርሳዬንና የመኪናዋን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ስለሆነ ግቢው መኪና አያስገባም። ሰማያዊዋ ቮልስዋገን የምታድረው ከአጥሩ ሥር፣ ጎማዋ በሁለት ድንጋይ ተደግፎ ነበር። ድንጋዮቹ አሉ። ዘይት የሚንጠባጠብበት ጥቁር ቦታም አለ። መኪናዋ የለችም።

ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ለፖሊስ አመለከትኩና በታክሲ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ነፋስ ነበር።

ጊዜው ኅዳር ሁለት ሺህ ዓ.ም. ነው፤ የሚሌኒየሙ መብራት ከየመንገዱ ገና አልወረደም። ባለቤቴ በአምላክ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መኪናዋ የእሱ ነበረች። ኢንሹራንስ የገባላት እሱ ነው፤ ያግባቡት ደግሞ ጎረቤታችን አቶ ከበበ። አቶ ከበበ መገናኛ ባለው የኢንሹራንስ ድርጅቱ ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የተጨፈለቀ መኪና ፎቶግራፍ ሲያዩ ስለሚውሉ መኪና አይነዱም፤ ከቤታቸውም ማንም እንዲነዳ አይፈቅዱም። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ደረሰኝ ይጠይቃሉ እየተባለ ይወራ ስለነበር አንድ ቀን ባለቤታቸውን አሳየችን እውነት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ውሸት ነው» አለችኝ። «ለቲማቲም ነው።»

የካሳ ፎርሙን ሞላሁ። «በመኪናው ውስጥ የነበሩ ዕቃዎች» የሚል መስመር ነበረው። ባዶውን ተውኩት። የባንክ ደብተሬን ጠየቁኝ፤ ሰጠሁ። መኪናዋ የጠፋችው ማክሰኞ ሲሆን ዓርብ ዕለት ስድስት ሺህ ብር ባንክ አስገብቻለሁ።

«ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ስድስት ሺህ ብር ከሰማይ አይወርድም» አሉ አቶ ከበበ፤ መኪናዋን ሸጬ ጠፋች ያልኩ መስሏቸዋል።

«እቁብ ወጥቶልኝ ነው።»

«እንግዲያው የእቁቡን መዝገብ ያምጡልን።»

«አላመጣም።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ልነግራቸው አልቻልኩም። እቁባችን የአሥራ ሁለት ሴቶች ነው፤ በወር አምስት መቶ ብር እንጥላለን፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በመዝገቡ ላይ በቁጥር አራት የተጻፈው ስም ደግሞ የአሳየች ነው፣ ከነአባቷ፤ አቶ ከበበ የሚስታቸውን ስም መቼም አይስቱም። አሳየች የዶሮዎቿን እንቁላል እየሸጠች በድብቅ ትቆጥባለች። ዕጣዋ በሰኔ ሲወጣላት በቀጥታ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ማሠልጠኛ ገባች። ማክሰኞና ሐሙስ ለባሏ «የሴቶች ኅብረት አለ» ብላ ትወጣና ኮተቤ ላይ ማርሽ ትለዋውጣለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። «የገንዘብ መዝገብ ለማቅረብ ፈቃደኛ ባለመሆንዎ የካሳ ጥያቄዎ ውድቅ ተደርጓል» ይላል፤ ከሥሩ የአቶ ከበበ ፊርማ አለ። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ለወይዘሮ መሠረት ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ቀርበው ያስረዱ ተባልኩ።

ደብዳቤውን በእቁባችን ቀን፣ እትዬ የሺመቤት ቤት ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ስጫቸው በቃ፣ ሰርኬ» አለች አሳየች። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ እትዬ የሺመቤት፤ ከሁላችንም ታላቅ ናቸው። «መዝገቡ አይሄድም። እኛ እንሄዳለን።»

«ስም ቢጠይቁንስ?» አለች ጸጋ።

«ቁጥር የለንም እንዴ? ቁጥራችንን እንናገራለን። ፊታችንን እንሸፍናለን።»

«እንደ ሽፍታ?»

«እንደ ጨዋ ሴት!»

በቀጠሮው ቀን አሳየችን ቤቷ ትተን አንድ ታክሲ ለብቻችን ሞላን። ከእኔ በቀር ሁሉም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተጠምጥመዋል። ሾላ ሳንደርስ ጸጋ በነጠላዋ ውስጥ ማስነጠስ ጀመረች፤ በእሷ የተነሣው ሳቅ እስከ መገናኛ አልቆመም። እትዬ የሺመቤት «ኮስተር በሉ!» ባሉ ቁጥር ራሳቸው ይፈነዳሉ።

የድርጅቱ ጥበቃ ሂርጳ ሲያየን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቆቡን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። «ማን አርፎ ነው?»

ሁሉም እኔን ላለማየት ወደ መሬት አዩ።

«ሰማያዊ ቮልስዋገን» አልኩት።

ሂርጳ ፊቱን ሳይለውጥ «ስንት ዓመቷ ነበር?» አለኝ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ወይኔ! ገና ልጅ ነበረች» አለና በሩን ከፈተልን።

የወይዘሮ መሠረት ቢሮ ለአሥራ ሦስት ሰው አልተሠራም። አቶ ከበበ የሒሳብ ማሽናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከመስኮቱ ጋር ተጣበቁ። የእቁቡን ነገር ባጭሩ አስረዳሁ፤ ከዚያ ምስክሮቼ ቀጠሉ።

«ቁጥር አንድ። አምስት መቶ ብር» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ድምፃቸውን እንደ ወንድ አወፍረው።

«ቁጥር ሁለት። አምስት መቶ።»

«ቁጥር ሦስት። አምስት መቶ።»

«ቁጥር አምስት...»

አቶ ከበበ ቀና አሉ። «አራትስ?»

«አራት አሟታል» አለች ጸጋ።

ወይዘሮ መሠረት እስክሪብቶዋን ነክሳ «ይቀጥሉ» አለች። ቀጠሉ። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ አቶ ከበበ ማሽኑን አሳዩን።

«ከወይዘሮ ሰርክአዲስ ጋር አምስት ሺህ አምስት መቶ። የገባው ስድስት ሺህ። ወይ ቁጥር አራት ትቅረብ፣ ወይ መዝገቡ ይቅረብ።»

መዝገቡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እንግዲያው ካሳው ይቅር» ልል አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ።

አሳየች ነበረች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ፊቷ አልተሸፈነም።

«ቁጥር አራት» አለች። «አምስት መቶ ብር።» ከዚያ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ባሏ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አቶ ከበበ ፎቶግራፉን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። እንደገና ፎቶግራፉን አዩ።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ማክሰኞና ሐሙስ።»

«የሴቶች ኅብረት አልነበረም?»

«አስተማሪዋ ሴት ናት።»

አቶ ከበበ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደረሰኝ አለሽ?»

አሳየች ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሠረ የወረቀት ጥቅል አወጣች። የማሠልጠኛው አለ፤ የመንገድ ትራንስፖርቱ አለ፤ የፎቶግራፉ ሳይቀር አለ። አቶ ከበበ አንድ በአንድ አገላበጡ። መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«የቲማቲሙም አለ» አሉ በቀስታ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እትዬ የሺመቤት መጀመሪያ ፈነዱ። ነጠላው ሁሉ ወረደ፤ አቶ ከበበ ከሰፈራቸው የማያውቁት ፊት አልነበረም። ወይዘሮ መሠረት ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ሂርጳ «ምን ሆናችሁ?» እያለ በበሩ ብቅ አለ፤ እሱም ምክንያቱን ሳያውቅ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።

ካሳው በጥር ተፈቀደ። አቶ ከበበ የመጨረሻውን ወረቀት አቀረቡልኝ።

«ከተከፈለዎት በኋላ መኪናዋ ብትገኝ እሷም፣ ውስጧ ያለውም የድርጅቱ ይሆናል» አሉ። ፎርሙን ገለጥ አድርገው አዩት። «ውስጧ ምንም አልነበረም አይደል? መስመሩ ባዶ ነው።»

«አዎ፣ ባዶ ነው» አልኩና ፈረምኩ።

በገንዘቡ ሌላ ቮልስ ገዛሁ፤ ነጭ ናት። መጀመሪያ የእንጦጦን ዳገት ያስወጣቻት አሳየች ናት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ አቶ ከበበ ከኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በየመታጠፊያው «ፍሬን! ፍሬን!» ይላሉ። «ዳገት ላይ ምን ያደርግልኛል?» ትላቸዋለች። «ለማንኛውም!» ይላሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ወርደው መኪናዋን በእግራቸው ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ ጭረት አላገኙባትም።

አሁን ነጯ ከአጥሩ ሥር፣ በእነዚያው ሁለት ድንጋዮች ተደግፋ ታድራለች። ዘይት አታንጠባጥብም። በሰማያዊዋ የበር ኪስ ውስጥ የነበረው የበአምላክ የማንበቢያ መነጽር የለም።